በጨረቃ ቀንዶች መሀል ኮከብ የሣልኩት ሰውዬ

የመጀመሪያ የጠፈር ሥዕሌ የተሰቀለው ሰፈራችን ያለ አንድ ትንሽ ካፌ ውስጥ ነበር። ባለቤቱ «ግድግዳው ባዶ ከሚሆን» ብሎ ፈቀደልኝ። ጥቁር ሰማይ፣ ሐምራዊ ደመና፣ ከታች ተራራ፣ መሀል ላይ ቀጭን ጨረቃ። ከዚያ ኮከብ በኮከብ። ያኔ ኮከብ መርጨት እንዴት ይጥመኝ እንደነበር አትጠይቁኝ።

አንድ ቅዳሜ ማኪያቶዬን ይዤ ቁጭ ባልኩበት፣ አንድ ሸምገል ያሉ ሰው ሥዕሉ ፊት ቆመው መነጽራቸውን ከፍ ዝቅ ሲያደርጉ አየሁ። ሊገዙ ነው ብዬ ልቤ ዘለለች። ተጠግቼ የሣልኩት እኔ መሆኔን ነገርኳቸው።

«ጎበዝ፣ እጅህ ጥሩ ነው» አሉኝ። ከዚያ ጣታቸውን በጨረቃዋ ሁለት ቀንዶች መሀል አሳረፉ። «ግን ልጄ፣ ይቺ ኮከብ ጨረቃን በስታ ነው የወጣችው?»

አልገባኝም።

«ጨረቃ እኮ ማጭድ አይደለችም። ድቡልቡል ናት። ብርሃን ያላረፈበት ጎኗም እዚያው አለ፣ አይታየንም እንጂ። ታዲያ ከኋላዋ ያለ ኮከብ በየት በኩል ይታያል?»

ጡረታ የወጡ የፊዚክስ አስተማሪ ናቸው። ሥዕሉን አልገዙትም። እኔ ግን ያን ማታ አውርጄ ቤት ወሰድኩትና ሦስት ኮከቦች በጥቁር ቀለም ደፈንኩ። ከዚያ ወዲህ ሰባት ዓመት ሊሆነኝ ነው። ቀን ቀን የሂሳብ ሠራተኛ ነኝ፤ ማታ ማታና እሑድ ጠፈር እሥላለሁ። የሥዕል ትምህርት ቤት ደጅ ረግጬ አላውቅም። «ምን ልግዛ፣ ከየት ልጀምር፣ ከምን ላይ ልቅዳ» የሚሉኝ ሰዎች ስለበዙ ነው ይህን የምጽፈው። ያበላሸሁትንም እነግራችኋለሁ፤ እንዲያውም እሱ ሳይበዛ አይቀርም። ዓመት ያላቸውን ቀኖች፣ ወሩንም ጨምሮ፣ የጻፍኳቸው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።

ብዙ ሰው የጠፈር ሥዕል ሲባል ፊቱ ላይ ድቅን የሚለው ቀለም ነው። ሐምራዊ፣ ሮዝ፣ የሚያብረቀርቅ ሰማያዊ። እኔም እንደዚያ ነበርኩ። ከአስተማሪው በኋላ ግን ብሩሽ ከማንሳቴ በፊት አንድ ጥያቄ እጠይቃለሁ፦ ፀሐይ የት ናት? እዚህ ምድር ላይ ብርሃን ከሰማዩም ከግድግዳውም ከመሬቱም እየተንጸባረቀ ስለሚመጣ ጥላው ለስላሳ ነው። አየር በሌለበት ቦታ ግን አንድ ፀሐይ አለች፣ በቃ። የበራው በርቷል፣ ያልበራው ጨልሟል።

ይህ በደንብ የገባኝ መብራት በሄደበት አንድ ማታ ነው። የስልኬን መብራት አብርቼ መጽሐፍ ላይ አስደገፍኩት። ብርቱካን በሹካ ሰክቼ ፊቱ ያዝኩ። ብርቱካኑን ወደ ጎን ሳወጣው ግማሽ ጨረቃ ሆነ። በእኔና በስልኩ መሀል ሳስገባው ደግሞ ጠርዙ ብቻ በርቶ ማጭድ ሆነ። ከዚያ አንድ ነገር አየሁ። የብርቱካኑ ቆዳ ጉርብጥብጥ የሚለው ብርሃንና ጨለማ የሚገናኙበት መስመር ላይ ነው። መብራቱ ፊት ለፊት የሚያርፍበት ቦታ ላይ ለጥ ያለ ነው የሚመስለው። ጨረቃም እንደዚያው ናት። ስለዚህ የጨረቃን ጉድጓዶች ስትሥሉ ጉልበታችሁን መስመሩ አካባቢ አፍስሱት፤ ሌላውን ተዉት። እኔ ለአንድ ዓመት ያህል ሙሉዋን ጨረቃ ከዳር እስከ ዳር በጉድጓድ ስሞላት ኖሬያለሁ። የፈላ እንጀራ ነበር የምትመስለው።

ሳተርንን የምትሥሉ ደግሞ አንድ ነገር አትርሱ። ፕላኔቷ ራሷ ቀለበቶቿ ላይ ጥላ ትጥላለች። ያ ጥቁር ቁራጭ ሲጎድል ሥዕሉ ተለጣፊ ይመስላል። ቀለበቶቹም ሁልጊዜ በአንድ ማዕዘን አይታዩም። በ2025 መጋቢት ላይ ከምድር ሲታዩ በጠርዛቸው ዞረው እንደ ክር ቀጥነው ነበር።

ስለ ጨረቃ ሌላም አለኝ። ከኢንተርኔት የምንቀዳቸው የጨረቃ ሥዕሎች አብዛኞቹ ፈረንጅ አገር የተሠሩ ናቸው፤ ቀጭኗ ጨረቃ እንደ ቅንፍ ቀጥ ብላ ቆማለች። እዚህ ግን እኛ ለምድር ወገብ ቅርብ ነን። አመሻሽ ላይ በምዕራብ በኩል ብቅ የምትለውን አዲስ ጨረቃ ተመልከቷት፤ ብዙ ጊዜ ቀንዶቿን ወደ ላይ አድርጋ እንደ ጀልባ ተኝታ ነው የምትታየው። ከእንጦጦ በላይ የቆመ ማጭድ የሚሥል ሠዓሊ ሳይ አሁን አሁን ያናድደኛል፤ እኔም ራሴ ሦስት ጊዜ አድርጌዋለሁ። ያልበራው ጎኗም ድፍን ጥቁር አይደለም። ከምድር ተንጸባርቆ የሚሄድ ብርሃን ስላለ ፈዛዛ ግራጫ ይታያል። ትንሽ ሰማያዊ የነካ ግራጫ በጣም አቅጥናችሁ አንድ ጊዜ ብቻ ቀቡት። ጨረቃዋ ወዲያው ድቡልቡል ትሆናለች፣ እኔ ራሴ ሳየው ደንግጫለሁ።

ሰማዩን ማየት እዚህ ከተማ ከባድ ነው የሚባለው እውነት ነው። ግን መብራት የሚጠፋበት ማታ አለ አይደል? ሰው ሲያማርር እኔ ጋቢዬን ለብሼ በረንዳ ላይ እወጣለሁ። ከጥቅምት እስከ ጥር ሰማዩ ጥርት ያለ ነው። ታኅሣሥና ጥር ላይ ማታ ማታ ኦሪዮን የምትባለውን የኮከቦች ስብስብ አታጧትም፤ ሦስት ኮከቦች በአንድ መስመር የተሰለፉባት ናት። ከሦስቱ ወዲህና ወዲያ ያሉትን ሁለት ደማቅ ኮከቦች አስተያዩ። ቤቴልጂውስ ወደ ቀይ ያደላል፣ ራይጀል ወደ ሰማያዊ። በዓይን፣ ያለ ምንም መሣሪያ። እሱን ካየሁ በኋላ ኮከቦቼን ሁሉ በነጭ ቀለም ብቻ መርጨት ተውኩ። ግንቦት ላይ ደግሞ በደቡብ በኩል የደቡብ መስቀል የሚባለው ይታያል። የሰሜን ኮከብ ግን ለእኛ በጣም ዝቅ ያለ ስለሆነ እንጦጦ ሥር ለሚኖር ሰው ተራራው ይሸፍንበታል። እንጦጦ አናት ላይ ግን፣ ወደ 3,200 ሜትር ከፍታ ላይ፣ የመስተዋታቸው ስፋት አንድ አንድ ሜትር የሆነ ሁለት ቴሌስኮፖች ያሉት የሥነ ፈለክ ማዕከል አለን። ሕንጻውን ከውጭ ማየት ብቻውን ለአንድ ሥዕል ይበቃል።

በሰኔ 2020 ደግሞ፣ 21ኛው ቀን እሑድ ጠዋት፣ የፀሐይ ግርዶሽ ነበር። ላሊበላ ላይ ፀሐይ ቀለበት ሆና ታየች፤ እኛ አዲስ አበባ በከፊል ደረሰን። መነጽር አልነበረኝም። ግቢያችን ያለው ዛፍ ሥር ግን መሬቱ በትንንሽ ማጭዶች ተሞልቶ ነበር። በቅጠሎቹ መሀል የሾለከው ብርሃን እያንዳንዱ የፀሐይዋን ምስል ሆኖ ወድቋል። የእህቴ ልጅ ነጭ ወረቀት ዘርግቶ በእርሳስ ይከባቸው ጀመር። ወረቀቱ አሁንም አለኝ። ከሣልኩት ሁሉ ያቺ ወረቀት ትበልጣለች፣ የሱ ናት እንጂ የእኔ አይደለችም።

እውነተኛ ጨለማ ያየሁት መንዝ ነው። መጋቢት ላይ ለአጎቴ ተዝካር ሄጄ፣ ጨረቃ የሌለችበት ሌሊት ነበር። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ለሽንት ወጣሁና እዚያው ደርቄ ቀረሁ። ፍኖተ ሐሊብ፣ ፈረንጆቹ ሚልኪ ዌይ የሚሉት፣ ከአድማስ እስከ አድማስ ተዘርግቷል። አያቴ ከውስጥ «ምን ሆነህ ነው በዚህ ብርድ?» ብለው እስኪጣሩ ድረስ አንገቴን አላወረድኩም። ያየሁትን ልንገራችሁ፦ ሐምራዊ የለም። ሮዝ የለም። አመድማ ነጭ ነው፣ መሀሉ ላይ ጥቁር ጥቁር ቁርጥራጭ አለበት። ያ ጥቁሩ ባዶ ቦታ አይደለም፤ ከኋላው ያሉትን ኮከቦች የሚጋርድ አቧራ ነው። ስለዚህ አሁን ፍኖተ ሐሊብ ስሥል መጀመሪያ ነጩን በስፖንጅ እነካካና መጨረሻ ላይ አቧራውን በጥቁር ቡናማ ከላይ እደርበዋለሁ።

ታዲያ እነዚያ በፎቶ የምናያቸው የኔቡላ፣ ማለትም የጠፈር ጋዝና አቧራ ደመና፣ ቀለሞች ከየት መጡ? ይህ ብዙ ሰው የሚሟገትበት ነገር ነው። «ናሳ ቀለም ይቀባል፣ ውሸት ነው» የሚልም አለ። ውሸት አይደለም፣ ትርጉም ነው። ሀብል የሚባለው የጠፈር ቴሌስኮፕ በ1995 ያነሳው ያ ታዋቂ የኢግል ኔቡላ ምስል፣ እንደ ዓምድ የቆሙት ደመናዎች ያሉበት፣ ለሰልፈር ቀይ፣ ለሃይድሮጅን አረንጓዴ፣ ለኦክስጅን ሰማያዊ ተሰጥቶ የተሠራ ነው። ታኅሣሥ 25 ቀን 2021 የመጠቀው ዌብ ቴሌስኮፕ ደግሞ የሚያየው በአብዛኛው ዓይናችን የማያየውን ኢንፍራሬድ ነው። እዚያ ውስጥ ረጅሙን ሞገድ ቀይ፣ አጭሩን ሰማያዊ እያደረጉ ነው የሚተረጉሙልን። ለእኛ ለሠዓሊዎች ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ቀለም የመምረጥ መብት አለን ማለት ነው። ግን እነሱ ሕግ አላቸው፣ እናንተም አንድ ሕግ አውጡ። እኔ ሥዕል ከመጀመሬ በፊት ሸራው ጀርባ ላይ «ሞቃቱ ሰማያዊ፣ ቀዝቃዛው ቡናማ» ብዬ እጽፋለሁ። ያለ ሕግ የጀመርኳቸው በሙሉ መጨረሻቸው የተደፋ ጭማቂ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ያፈርኩበትን ልናገር። በሁለተኛው ዓመት አንድ የሚያምር የኔቡላ ፎቶ አገኘሁና ነጥብ ሳላጎድል ገለበጥኩት። ቅጂ አሳትሜም ሸጥኩ። ከዚያ ፎቶውን ያነሳው ሰው በጣም ጨዋ በሆነ ቋንቋ ጻፈልኝ። በትርፍ ጊዜው የሚሠራ ሰው ነው፤ ያን አንድ ምስል ለማግኘት ብዙ ሌሊት ብርድ ላይ ቆሟል። መሬት ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ይቅርታ ጠየቅሁት፣ የቀሩትን ቅጂዎች ከሽያጭ አወጣሁ። ስለዚህ ልብ በሉ፦ የናሳ ፎቶዎች በአብዛኛው የቅጂ መብት የለባቸውም፤ ዓርማውን ግን ያለ ፈቃድ አትነኩም። የአውሮፓ የጠፈር ኤጀንሲ የሀብልና የዌብ ምስሎችን ምንጩን እስከጠቀሳችሁ ድረስ መጠቀም ይቻላል። የግለሰብ ፎቶ ከሆነ ግን ጠይቁ። ጁፒተርን ለምትወዱ ደግሞ፣ በ2016 ጁፒተር ጋ የደረሰችው የናሳ መንኮራኩር ጁኖ ካሜራዋ ያነሳውን ጥሬ ምስል ሕዝብ እንዲሠራበት ይለቁታል። ቀለሙን አውጥቶ አቀናብሮ የሚያቀርበው ብዙው እንደ እኛ ያለ አማተር ነው። እኔ የጁፒተርን አውሎ ነፋሶች የተለማመድኩት በእነሱ ላይ ነው።

አሁን ወደ ዕቃ እንምጣ። ሸራ ውድ ነው፣ እናውቃለን። እኔ ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት የሠራሁት አቡጀዲ ላይ ነው። አቡጀዲውን አጥቤ፣ አድርቄ፣ የእንጨት ፍሬም ላይ ወጥሬ፣ ነጭ ኮላ በውኃ አቅጥኜ እቀባዋለሁ። ሲደርቅ ነጭ የግድግዳ ቀለም ሁለት ጊዜ፣ በመሀሉ በብርጭቆ ወረቀት ፈተግ። ለዕቃ ማስቀመጫነት የተጣለ ኮምፔንሳቶ ካገኛችሁም አትለፉት፤ ለፕላኔት ከጨርቅ ይሻላል፣ አይረግብም።

ለሰማይ ጥቁር ከቱቦው በቀጥታ አትቀቡ። የሞተ ጥቁር ነው። ጥቁር ሰማያዊና ጥቁር ቡናማ ደባልቁ፣ ጥልቀቱን ታዩታላችሁ። ለኮከብ አሮጌ የጥርስ ብሩሽ በቂ ነው። ነጩን እንደ ወተት አቅጥኑት፣ ብሩሹን ነክራችሁ በአውራ ጣት ጸጉሩን ወደ ራሳችሁ ሳቡት። መጀመሪያ ጋዜጣ ላይ ሞክሩ፤ የመጀመሪያው ርጭት ሁልጊዜ ዝናብ ነው። ከዚያ ትልልቆቹን ጥቂት ኮከቦች በስቴኪኒ ጫፍ አንድ በአንድ አስቀምጡ። ሰማይ ላይ ደማቅ ኮከብ ጥቂት ነው፣ ደብዛዛው ነው የሚበዛው። ለክብ ደግሞ የወጥ ቤቱ ዕቃ በሙሉ የእናንተ ነው፦ ስኒ፣ ጣሳ፣ የድስት ክዳን።

የድስት ክዳን ካልኩ አይቀር፣ መንገድ ላይ በስፕሬይ ቀለም በሁለት ደቂቃ ፕላኔት የሚሠሩትን በቪዲዮ አይታችኋል። እኔም ሞክሬ ነበር። ያለኝ አንድ ክፍል ኪራይ ቤት ነው፤ መስኮት ዘግቼ፣ ጎረቤት እንዳይረበሽ ብዬ። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ጭንቅላቴ ሊፈነዳ ደረሰ፣ ተነስቼ ስቆም ቤቱ ዞረብኝ። አከራዬ በሩን ከፍተው «ምን እያቃጠልክ ነው አንተ!» አሉ። ትራሴ ለአንድ ወር ያንን ሸተተኝ። ስፕሬይ የምትሠሩ ከሆነ ውጭ ብቻ፣ ለቀለም ጭስ የሚሆን ማስክ አድርጋችሁ። የኮቪድ ጊዜው ማስክ ለዚህ አይሠራም።

ለጨረቃ ወለል ሸካራነት ጀሶና ሰጋቱራ ከኮላ ጋር እለውሳለሁ። ጉድጓድ ለመሥራት ገና እርጥብ እያለ ጠጠር ከላይ መልቀቅ ነው። እውነተኛውም ከዚህ ብዙ አይርቅም። ግን ጀሶ ካወፈራችሁት ይሰነጠቃል። አንዱን ሥዕሌን አሜሪካ ያለ ዘመዴ ወዶት ጠቅልዬ በሰው እጅ ላክሁለት። ቀለሙን ወደ ውስጥ አድርጌ፣ በቀጭኑ ጠቅልዬ። ሲፈታው የጨረቃዋ ግማሽ ሻንጣው ውስጥ ነበር። አክሪሊክ ቀለም ሲበርደው ደርቆ ይሰነጠቃል፣ የአውሮፕላን ዕቃ ክፍል ደግሞ ይበርዳል። መጠቅለል ግድ ከሆነ ቀለሙ ወደ ውጭ፣ በወፍራም የውኃ ቱቦ ላይ፣ መሀሉ ለስላሳ ወረቀት ተደርጎ ነው። ጀሶ ያለበትን ግን ጨርሶ አትጠቅልሉ።

በስልክ ወይም በኮምፒውተር የምትሠሩ ክሪታና ብሌንደር የሚባሉት የሥዕል ፕሮግራሞች በነጻ ይገኛሉ፣ ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ። አንድ ነገር ብቻ፦ ስክሪን ላይ የሚያበራው ሐምራዊ ሲታተም ይጠወልጋል። ለአንድ ባዛር ሃያ ቅጂ በአንድ ጊዜ አሳትሜ፣ ኔቡላዬ የወጥ እድፍ መስሎ መጣ። ማተሚያ ቤቱ ጥፋት የለበትም፤ ቀለም በወረቀት ላይ የሚወጣው ከአራት ቀለም ተደባልቆ ስለሆነ ያን ብርሃን አያገኘውም። መዳፍ የምታክል ቁራጭ አስቀድማችሁ አሳትሙና በቀን ብርሃን እዩ።

አንዳንዴ «እኛ ጠፈር ሳንሄድ እንዴት እንሥላለን» የሚለኝ አለ። ከሄዱትም እኮ ለመሣል የተቸገሩ አሉ። አሌክሲ ሊኦኖቭ በመጋቢት 1965 ከመንኮራኩር ወጥቶ ጠፈር ላይ የተንሳፈፈ የመጀመሪያው ሰው ነው። ባለቀለም እርሳሶች ይዞ ሄዶ ነበር፤ እንዳይንሳፈፉበት በክር አስሯቸው የፀሐይን መውጣት እዚያው ሣለ። አለን ቢን በ1969 በአፖሎ 12 ጨረቃ ላይ የረገጠ አራተኛው ሰው ነው። በ1981 ናሳን ለቅቆ ሙሉ ሠዓሊ ሆነ። ሥዕሎቹን በጨረቃ ጫማ ቅርጽና በመዶሻ እየረገጠ እየወቀጠ ነበር ሸካራነት የሚያወጣላቸው። የጨረቃ አቧራ የነካውን የልብሱን ቁራጭም ይቀላቅልባቸው ነበር። ግራጫዋ ጨረቃም በሱ እጅ ሐምራዊም አረንጓዴም ሆነች። የረገጣት ሰው ካደረገው እኔ ምን አግዶኝ?

ከሁሉ የሚደንቀኝ ግን የሁለት ሰዎች ነገር ነው። ቼስሊ ቦንስቴል የሚባል አሜሪካዊ አለ፤ በ1944 ሳተርን ከጨረቃዋ ከታይታን ላይ ስትታይ የሣለው ሥዕል በላይፍ መጽሔት ወጥቶ ስንቱን ልጅ ወደ ጠፈር ሳይንስ እንደሳበ ይነገርለታል። የጨረቃን ተራሮች ሲሥል ግን እንደ ሰሜን ተራራ ሹል ሹል አድርጎ ነበር። ከሱ በፊት የነበረው ፈረንሳዊው ሉሲያን ሩዶ ደግሞ በቴሌስኮፕ የጨረቃን ጠርዝ ደጋግሞ አየ። ተራሮቹ ክብ ክብ ያሉ፣ የተሸረሸሩ ጉብታዎች ናቸው ብሎ እንደዚያው ሣላቸው። የአፖሎ ሰዎች ሲደርሱ የሩዶ ልክ ሆነ። የቦንስቴል ይበልጥ ያምራል፣ አልክድም። የሩዶ ግን ቁጭ ብሎ ያየ ሰው ሥዕል ነው።

እኛም ለማየት ሩቅ መሄድ የለብንም። የጁፒተር ጨረቃ አዮ በእሳተ ገሞራ የምትናጥ፣ በሰልፈር ቢጫ የሆነች ናት። እሷን ስሥል ከፊቴ የማደርገው የዳሎልንና የኤርታ አሌን ፎቶ ነው፤ አንድ ጓደኛዬ አፋር ሄዶ አንስቶ ያመጣልኝ። ማርስን ስሥል ደግሞ ቀኑን ሽሮ አደርገዋለሁ። ምን ማለቴ ነው፣ ሰማዩ ራሱ በአቧራ የሽሮ ዱቄት የመሰለ ነው። ፀሐይ ስትጠልቅ ግን ዙሪያዋ ወደ ሰማያዊ ይሄዳል፤ የእኛ ተገላቢጦሽ። ቀይ የማርስ ጀምበር የምትሥሉ፣ እሱን አስተካክሉ።

ለልጆች ክፍል ፀሐይንና ፕላኔቶችን ሣልልን የሚሉ ሰዎች ይመጣሉ። ቀብድ ግማሹን ሳትቀበሉ አትጀምሩ፤ ይህን የምለው ሳልቀበል ስለጀመርኩ ነው። መጠኑን ደግሞ አስረዷቸው። ምድርን አንዲት ምስር ካደረግናት ፀሐይ የእንጀራ ምጣድ ታክላለች፣ ጁፒተር ደህና ሎሚ። ምጣዱ እኛ ቤት ቢሆን ምስሯ ወደ 60 ሜትር ርቃ ጎረቤት ግቢ ናት። ኔፕቲዩን ከሁለት ኪሎ ሜትር ብዙ ሳይጎድል ትርቃለች፤ ታክሲ ትይዛላችሁ። አንድ ግድግዳ ላይ ሁሉንም በልኩ መሣል አይቻልም። መጠኑን ወይ ርቀቱን ምረጡ በሏቸው።

አሁን እጄ ላይ ያለው ሥዕል የድንቅነሽ ነው። የሀዳሯን ሳይሆን የሰማዩዋን። በጥቅምት 2021 የመጠቀችው የናሳ መንኮራኩር ስሟ ሉሲ ነው፤ በእኛዋ ሉሲ የተሰየመች። ኅዳር 1 ቀን 2023 በመንገዷ ባለች ትንሽ አለት አጠገብ አለፈች። ድንቅነሽ የተባለችው ያቺ አለት ናት። አንድ ኪሎ ሜትር እንኳ አትሞላም። ደግሞ ብቻዋን አልነበረችም፤ ትንሽ ጨረቃ አለቻት። ጨረቃዋም ራሷ ሁለት ጉብታ ተነካክተው የተጣበቁ ሆና ተገኘች። ስሟን ዲኪካ፣ አፋር ውስጥ ቅሪተ አካሏ በተገኘው ሕፃን ሰላም ብለዋታል። ይህን ዜና ያነበብኩ ቀን ሥራ ቦታዬ ላይ ብቻዬን ሳቅሁ።

እስከ ዛሬ ያየኋቸው ሥዕሎች ድንቅነሽን ከሩቅ ነው የሚያሳዩት። እኔ ሰላም ላይ ቆሜ ልሣላት አሰብኩ። ሂሳቡን ሠራሁ፣ ያው ሥራዬ ነው። በመሀላቸው ሦስት ኪሎ ሜትር ገደማ አለ። ከዚያ ሲታይ ድንቅነሽ ከእኛ ጨረቃ ወደ ሃያ አምስት እጥፍ ትሰፋለች፤ እጃችሁን ዘርግታችሁ ጡጫችሁን ብትጨብጡ ከዚያ ትንሽ ትበልጣለች። ፀሐይ ግን ከእኛ ፀሐይ ግማሽ እንኳ አትሞላም። ሰማዩ በቀኑም ጥቁር ነው። ድንቅነሽ ወገቧ ላይ እንደ መቀነት የወጣ ጉብታ አላት፣ በጎኗ ደግሞ ረጅም ሸለቆ። መቀነቱን በጀሶ አወጣሁት፣ በስስ በስሱ፣ አራት ቀን እያደረቅሁ። ቀለሟን ግራጫ ላይ ትንሽ የተቆላ ቡና ጠብ አድርጌ አገኘሁት። ኮከብ አልረጨሁም። ፀሐይ የመታው አለት እንዲህ ከደመቀ ዓይን ደብዛዛ ኮከብ አያይም፤ ጥቁሩን ጥቁር አድርጌ ተውኩት። ሰባት ዓመት ስረጭ ለኖርኩ ሰው ከባድ ነበር።

ትናንት ማታ ፀሐይ እንድትነካው ብዬ ያስቀመጥኩትን ሥዕል ከበረንዳው ሳስገባ አከራዬ ደረጃው ላይ አገኙኝ። ቆም ብለው አዩት።

«ድንች ነው?»

«ኧረ አይደለም እማማ፣ ድንቅነሽ ናት።»

«ሰው ናት?»

«አለት ናት። ሰማይ ላይ ያለች።»

«እና ከሥርዋ ያለችውስ፣ ያቺ አንተ የቆምክባት?»

«እሷ ሰላም ናት።»

«እሰይ፣ እሷንስ ደህና አድርገህ ሣላት» አሉና ትንሽ ዝም ብለው ቆዩ። ከዚያ የኪራዩን ነገር አነሱብኝ።